ስድስት ደምር

የወላጁን መደብ አርካዲ ነው የጻፈው፣
ጡረታ ወጥቶ ሃይፋ፣ ልጁ ዘንድ ሳይገባ።
አሥራ አራት ተግባር፣ እንደ ወታደር የተሰለፈ፣
ከላዩ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፣ በሩስኛ፦
«አትንኩት»።

አልነካሁትም።
ከሥሩ ወረድ ብዬ ልጅ ከፈትኩለት፣
ስሙን ጽፌ በቅንፍ የአባቱን አስከተልኩለት፤
ፓይተን በዚህስ እንደኛ ነው፣
መጀመሪያ የልጅ ስም፣ ቀጥሎ የአባት።
ያለውን ሁሉ ወረሰ፦ መዝገቡን መክፈቱን፣
መስመር በመስመር ማንበቡን፣ መዝጋቱን፣
ያልገባውን ደግሞ
ድምፅ ሳያሰማ ጓዳ መወርወሩን።

ቤርሼቫ፣ የውሃ ድርጅቱ ሦስተኛ ፎቅ፣
ከመስኮቱ ውጭ አቧራ የለበሰ የመንገድ መብራት።
ሦስት የፓምፕ ጣቢያ፣ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ፦
የኦፋኪሙ ቀን ያስቀድማል፣ የዲሞናው ወር፣
የይሩሃሙ ቀንም ወርም አያውቅ፣
ከተነሳ ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ይቆጥራል
እንደ ሥራ ፈት።
ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ልጅ ወለድኩ፤
የተግባሩ ስም ያው የአባትየው፣ «ፍታ»፣
አፈታቱ ግን የየራሳቸው።
በዚህ ከተማ፣ አባት የማሰውን ጉድጓድ
ልጅ መልሶ መማሱ ብርቅ አይደለም፤
ስሙ ይቆያል፣ ገመዱ ይቀየራል።

ሁሉም ሮጠ፣ ፈተናው አረንጓዴ ሆነ።
ጃኬቴን አንስቼ ልወጣ ስል
ጓዳውን አንዴ ልየው አልኩ፣
አርካዲ «ያልተፈታ» ያለውን ፋይል።
ስድስት ዓመት ማንም አልከፈተውም።

ከቁጥሩ ጫካ መሐል የዕብራይስጥ ፊደል፣
ቃሉ ግን ዕብራይስጥ አይደል።
በዓይኔ አነበብኩት፣ አልገባኝም፤
ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ከንፈሬ ቀድሞኝ ገባው፦
«8 ሰዓት ሌሊት። ውሃው ጉሮሮውን ታሟል።»

አማርኛ።
ከቀኝ ወደ ግራ የሚራመድ አማርኛ።

አባ አቸነፍ ናቸው፣ የኦፋኪም ጣቢያ ዘበኛ፣
ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ ጥለው የሚያድሩ።
ለዘበኛ የተተወች አንዲት የማስታወሻ ሳጥን አለች፣
ያቺን ይሞላሉ፦
«3 ሰዓት ማታ። ደህና ነው።»
«10 ሰዓት። ቀበሮ ገባ፣ ወጣ።»
«8 ሰዓት። ታሟል ብያለሁ።»
«8። ዛሬም ብያለሁ።»

ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን ቧንቧው ፈነዳ፣
ሰፈሩ ሁለት ቀን ሙሉ በጀሪካን ዋለ።
ሪፖርቱ «ቅድመ ምልክት አልታየም» ይላል፤
ከፈራሚዎቹ አምስተኛዋ እኔ ነኝ።

የአርካዲ መደብ ክፉ አልነበረም።
ሽማግሌው ስምንት ሲሉ ጠዋት መሰለው፣
የማሽኑ ሰዓት ከጎናቸው ሁለት ይላል፣
ሊያስታርቃቸው አልቻለም፣ ጣላቸው።
ባዶ መለሰ።
ባዶ ደግሞ እንደ ስህተት አይጮህም።

በዚያው ሌሊት አራተኛ ልጅ ጻፍኩ።
ስሙ አቸነፍ፣ በቅንፍ ያው የአርካዲ።
መጀመሪያ ወላጁን ይጠራል፣ ወግ ነው፤
ወላጁ ባዶ እጁን ሲመለስ ግን፦
ስድስት ደምር፣
ከአሥራ ሁለት ካለፈ አሥራ ሁለት ቀንስ፣
ፊደሉን አትንካ፣
ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ጥራ።

ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሦስት መስመር ተፈታ።

ጠዋት ሊአት ኮዱን ስትገመግም ጠየቀች፦
«ይህ ስድስት ከየት የመጣ ቁጥር ነው?»
ከጎህ መቁጠር ስለሚጀምሩ ሰዎች
ማብራሪያ ጀመርኩ፣ ስብሰባ ደረሰባት፣ ሄደች።

በሦስት ሰዓት፣ በሳቸው ሦስት፣ ስልክ ደወልኩ።
ጡረታ ወጥተዋል፣ ድምፃቸው ሻከር ብሏል።
«አባ፣ የጻፉትን መስመር አነበብኩት» አልኳቸው።

ዝም አሉ፣ ቆዩ።

«የቱን?» አሉ።