እርግጠኛ አይደለሁም

ፎርሙ ሲታደል ዝናብ ነበር፣
የኮሌጁ ቆርቆሮ ሲደበደብ፣ ሲሰበር።
«ሳይንስ ለማስተማር በራሴ እተማመናለሁ»
ይላል የመጀመሪያው መስመር፤ እኔ ደግሞ እዋሻለሁ፦
«በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክቴን ጣልኩ፣
እጄ ተንቀጥቅጦ ወረቀቱን ነደልኩ።

ማን መረጠኝ ለሳይንስ? አማርኛ ነበር ምኞቴ፣
ኮታው ሞላ ተብዬ ነው ፊዚክስ የሆነው ርስቴ።
አስረኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ ጠይቄ
«ቁጭ በይ!» ተብያለሁ፤
እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፣ አቅፌ ያን ጥያቄ።

ሰኞ፣ ከአዌቱ ማዶ፣ አምስተኛ ክፍል «ለ»፣
ስድሳ ሦስት ልጅ ተነሥቶ «እንደምን አደሩ» አለ።
ከኋላ መምህር ተማም፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፣
ክዳኑ የወለቀ ቀይ እስክሪብቶ፣ የምስተውን የሚያይ።

ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ አምፖል፣
ከሂርማታ የገዛሁት ያሮጌ ሞተር ሽቦ፣
ሌሊቱን የሸመደድኩት ትርጉም ምላሴ ላይ ተደርቦ።
«ዑደቱ ሲገጥም ይበራል» አልኩ። ገጠምኩት። አልበራም።
ደግሜ ገጠምኩት።
አልበራም።
የኋላው ወንበር ተንቋቋ፤ ላብ በጀርባዬ ወረደ፣
ከመስኮቱ ውጭ አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ ነጎደ።

«ቲቸር፣» አለች ረምላ፣ «ለምንድነው እምቢ ያለው?»
የተማርኩት መልስ ነበረ፣ «ቁጭ በይ!» የሚለው፤
ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። እንዴት እንደዋጥኩት እንጃ።
«አላውቅም» አልኩ። «ኑ እስኪ፣ አብረን እንየው።»

«ሽቦው ቀለም ለብሷል ቲቸር፤ እርቃኑን ነው የሚነካ።»
አባቷ ባጃጅ ሲጠግን ከጎኑ ትውል ነበር ለካ!
እርሳስ መቅረጫ ምላጯን አውጥታ ጫፍ ጫፉን ፋቀችው፣
አንዲት የብርሃን ክር፣ ቀይ፣ ደካማ፣
አምፖሉ ውስጥ ሰቀለችው።

ጩኸቱ ጣራውን ሊያነሣው! ናስር ብቻ አልጮኸም።
«ማታ ሰፈራችን መብራት ድንገት ሲጠፋ፣
የነበረው የት ይሄዳል?» አለ፣ ዓይኑ እንደፈጠጠ።
የኔው ነበር ጥያቄው! ከነቃሉ፣
ከአስረኛ ክፍል ወንበር ከኔ ጋር የተቀመጠ።

መምህር ተማም ምን እንደጻፉ አላነበብኩም።
ያን ሌሊት መብራት ጠፋ። ሻማ አልፈለግኩም፤
ጨለማው ውስጥ ተኝቼ የግድግዳውን ሽቦ ሳስብ
ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው በስልኬ ጭላንጭል ሳነብ
ነጋ።

ሰኔ ላይ ያው ፎርም መጣ፤ ያው መስመር፣ ያው ቃል።
«እርግጠኛ አይደለሁም» ላይ ምልክት አደረግኩ፤
ወረቀቱ ደህና ነው።
አሁን ልሂድ፣ ደወሉ ሳይቀድመኝ፤
ናስር በር ላይ ይጠብቀኛል።