ሁለት ጠባብ መንገዶች

ዋካናይ፣ አገሩ በባሕር የሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣
በረዶ ሲያወርድ ውሎ ሲያድር ሰማይ፣
መንገዱን የምጠርገው እኔ ነኝ።
ዐሥራ አንድ ክረምት፣ በቢጫዋ መኪና፣
ስንት ድፍን መንገድ ከፍቻለሁና
የተዘጋ ነገር አያስፈራኝም ነበር፣
ይቺ የጣት ጫፍ የምታህል አፍንጫ እስክትደፈን ድረስ።

ዛሬ ተራዬ አይደለም። ሌሊት ሰባት ሰዓት።
ቺዙሩ ዳቦ ቤት ናት፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ኮሃሩ፣ የአራት ወር ልጃችን፣
ጡጦውን ሁለቴ ስባ፣ አየር ሲያጥራት ለቅቃ፣
እንደ ተቀደደ ወናፍ ታሰማለች ሲርሲርታ፣
ደግሞ ትይዛለች፣ ደግሞ ትተዋለች፣ ተናዳ፣ ተቆጥታ።
አፍንጫ ሲመታ ዓይን ነው የሚያለቅሰው፤
አፍንጫው የሷ ነው፣ እንባውን ግን እኔ ነኝ የማፈሰው።

እጄ ቀድሞ ሮጠ ወደ ጥጥ እንጨቱ፤
‹ተው› አልኩት፤ በረዶ ወደ ውስጥ ሲገፋ ይብሳል ድርቀቱ።
መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ያ የሚለበልበው ቅባት፤
እሱም ለኔ ደረት እንጂ ለሷ አይሆን፣ ዘጋሁበት።

ነርስ ኩዶ ስልኩን አነሳች፤ ድምጿ እንቅልፍ አለበት።
‹ጨዋማው ጠብታ አለህ? ከመድኃኒት ቤት የገዛኸው?›
‹አለኝ።›
‹ሁለት ጠብ፣ በአንዱ፤ ሁለት ጠብ፣ በሌላው፤
ከዚያ ጠብቅ።›

ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብቅ!
ሳቄ መጣ። ዐሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት በዚሁ ሕግ፦
ጨው ቀድሞ ይበተናል፣ ቀጥሎ ይጠበቃል፣
አካፋው በመጨረሻ፣ ያውም በቀስታ፣ ይወርዳል።

ጭንቅላቷን ደገፍኩ። ጠብ አደረግሁ። ፊቷን ኮመተረች፣
‹ምን በደልኩህ?› በሚል ዓይን አየችኝ፣ ጮኸች።
እስከ ስልሳ ቆጠርኩ።
የቀጭኗን ቱቦ አንዱን ጫፍ ከአፍንጫዋ ደጅ፣
ከደጁ ብቻ፣ አስጠጋሁ፤
ሌላውን በከንፈሬ ያዝኩ፣ ቀስ አድርጌ ሳብኩ።
መካከል ላይ ባለችው ብልቃጥ ወረደ
ሌሊቱን ሙሉ ያመሰን ንፍጥ፣
ተሰብስቦ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ።

‹ደጋግመህ አትሳብ፣› አለች ኩዶ፣ ‹ውስጡ ያብጥና ይዘጋል፤
ከመመገቧ በፊት ብቻ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ይበቃል።
ግን ስማኝ፦ በጎድኖቿ መሐል ሥጋው እየሰረጎደ
ካየህ፣ ትንፋሿ ከሮጠ፣ ከንፈሯ ወደ ሰማያዊ ከሄደ፣
ወይ ጡጦ እንቢ ካለች፣ ወይ ሰውነቷ ከነደደ፣
ለኔ አትደውል። አምቡላንስ ጥራ።›

ፒጃማዋን ገልጬ ጎድኖቿን በመብራት አየሁ፤
ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ።
ምንም የለም። እኔም ያኔ ተነፈስኩ።
መቶ ሃያ ሚሊ ጠጣች፣ ሳታቋርጥ፣ ሳትለቅ፤
አገሳች፤ በጀርባዋ አስተኛኋት፣ ያለ ትራስ፣ ልብሷ ሳይጠብቅ።

ውጭ የሴኪጉቺ መኪና እያጓራ አለፈ፣
ቢጫ ብርሃኑ ኮርኒሳችንን ዞሮ ገረፈ።
አንዱን መንገድ እሱ ከፈተ፣
ሁለቱን እኔ።

በሦስተኛው ቀን የኔ አፍንጫ ተደፈነ።
ቺዙሩ ሳቀች፤
ቱቦውን ደበቀች።