የት አደርሽ?

ሚኒሶታ ሰሜን፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤት ስመዘግብ ስኖር፣
ብዙ ውል አይቻለሁ፤ የጠና፣ የላላ፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ባለቤቱን የበላ።
የኦርቪልና የዴልፊን ግን ውል ይለኛል ዛሬም፤
መዝገቤ ፊርማና ቀን እንጂ ሌላ አልያዘም።

ኦርቪል ሞተር ጠጋኝ፣ የጀልባ ሐኪም፣
ሚስቱን ከቀበረ እጁ አልጠናለትም።
ቤቱን ሊሸጥላት ከዴልፊን ተዋዋለ፤
ዋጋው ተቆረጠ፣ ቀብዱም ተከፈለ፣
ስሙ ግን የሚዞር ለጥር ነው ተባለ።

ዴልፊን የተማሪ አውቶቡስ ነጂ ናት፤
ኪራይዋ አልቆባት መግቢያ ስትዋትት፣
«እንኪ ቁልፉን፣ ግቢ፤ ምን ይጎዳኝ?» አላት።
ሽማግሌ አልመጣ፣ ምስክር አልነበረ፤
አንድ የነሐስ ቁልፍ ነው ኪስ የቀየረ።

በታኅሣሥ አንድ ሰኞ ፍርድ ቤት ገባ፣
«ከስሬያለሁ» አለ፣ ሳይጮህ፣ ሳያነባ።
በዚያችው ደቂቃ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቀረ፤
ሲደውል የከረመው የባንክ ስልክ እንኳ አፈረ፤
የኦርቪል የሆነው፣ ማንኪያው ሳይቀር፣ ተቆጠረ፤
በባለአደራው በሚስተር ፕሩይት እጅ አደረ።

ፕሩይት ክፉ አይደለም፤ ሥራው መምረጥ ነው፦
የሚያተርፈውን ውል «ይጽና» የሚለው፣
የሚያከስረውን «ይቅር» ብሎ የሚጥለው።
የቤቱ ዋጋ ግን ከመስከረም ወዲህ ዘለለ፤
ፕሩይትም «የሴትዮዋ ውል ይቅርብኝ» አለ።

ዴልፊን ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበች፤
ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ተተበተበች፤
ጠበቃ ዘንድ ሄዳ ወንበር ጫፍ ተቀመጠች።
ጠበቃዋ ሶልቬግ ቀና ብላ አየቻት፤
«እንዴት አደርሽ?» አይደል፤
«የት አደርሽ?» አለቻት።
«ኦርቪል በከሰረባት፣ በዚያች ሰኞ ሌሊት።»

«የት አድራለሁ? እዚያው። አልጋዬ አልመጣም፤
ካርቶን ላይ ተኛሁ፣ ከድመቴ ጋራ፤ ማሞቂያው አይሠራም።»

ሶልቬግ ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች፤
«ካርቶኑን አትጣዪ፣ ምስክርሽ ነው» አለች።

ሕጉ ለገባ ሰው እንዲህ ያደላል፦
ሻጩ ቢከስርም፣ ገዢው ከወደደ ይቆያል፤
ቀሪውን ከከፈለ ስሙ ይዞርለታል።
የኦርቪልን ጋራዥ የተዋዋለው ቫርነም
ውል አለው፣ ቀብድ ሰጥቷል፤ ቁልፍ ግን አልያዘም፤
ከባንኩ ኋላ ቆሟል፤ ተራው አልደረሰም።
አንድ ሻጭ፣ አንድ ኪሳራ፣ አንድ ዓይነት ወረቀት፤
ልዩነቱ አንድ ሌሊት፣ አንድ የካርቶን ምንጣፍ፣ ብርድ የገባበት።

በመጋቢት ወር ዴልፊን ቀሪውን ከፈለች፤
በመዝገቤ ገጽ ላይ ባለቤት ተባለች።
በሳምንቱ ኦርቪል በሩን መጥቶ ነካ፤
በሠራው ደጃፍ ላይ እንደ ባዕድ አንኳኳ።
«ዕቃ አልረሳሁም» አለ። «የማድ ቤቱን መቃን
አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

መቃኑ ላይ በእርሳስ፣ መስመር በላይ መስመር፣
የልጁ ቁመት አለ፤ ከጉልበቱ ተነሥቶ
እስከ ደረቱ ሲጨምር።
ፕሩይት ማንኪያ ሲቆጥር ይህን አልቆጠረም፤
ውሉም «ከቤቱ የተጣበቀ ሁሉ የገዢ ነው» ከማለት በቀር
ሌላ አልተናገረም።

ዴልፊን ምንም አላለች። መጋዝ አመጣች።
ያን ቀን ሐይቁ በረዶውን ሲሰነጥቅ
እስከ ቢሮዬ ድረስ ይሰማ ነበር።
እንጨቱን በብርድ ልብስ ጠቀለለችና
ከተማሪዎቹ ወንበር መሃል፣ አጋድማ፣
ኦርቪል ወደ ተከራየው ክፍል አደረሰችለት።

እስካሁን ያ በር አንድ ጎን መቃን የለውም፤
ይህኛው ዝውውር መዝገቤ ላይ የለም።