ስስ ግድግዳ

መኪናዋ መጣች በጭነት መኪና ላይ፣
እሑድ ማታ ነበር፣ ካፊያ ባዘለ ሰማይ፣
አዴናው ከተማ፣ ከውድድሩ ጎዳና ሥር፣
ከእነ ኦትማር ጋራዥ፣ ከጠባቡ በር።
አምስት መቶ ፈረስ፣ ገና ሁለት ዓመቷ፣
አንድ ጭረት የለም ከግራጫው ፊቷ።

ኤልከ ከኮብሌንዝ ናት፣ የጥርስ ሐኪም፣
የራስ ቁሯን አቅፋ ቆመች፣ አልገባችም።
«ሦስተኛውን ዙር ስጀምር ነው» አለች፤
«መርፌዋ በድንገት ቀዩን ተሻገረች።
መብራት አልበራም፣ ድምፅም አልሰማሁም፤
ምን አጠፋሁ እኔ? ዘይቷን አልረሳሁም።»

ኦትማር መልስ የለው።
ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ የውሃውን ክዳን በጨርቅ ይዞ ፈታው።
እኔም ተለማማጁ፣ በትከሻው አሻግሬ አየሁ፦
ሰማያዊ ውሃ ስጠብቅ
ቡናማ እርጎ። ወፍራም። እንደ ሙጫ የሚጎተት።
ዘይትና ውሃ ተላቁጠው።

«አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አንድ አልጋ ግን የላቸውም»
አለ ኦትማር፣ ጣቱን እየጠረገ።
«ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በአሉሚኒየም ቅጠል መሃል፣
ዘይቱ በዚህ ያልፋል፣ ውሃው በዚያ ያልፋል፤
ያ ትኩሳቱን ይሰጣል፣ ይሄ ይሸከምለታል፤
አይተያዩም፣ አይነካኩም፤
የሚለያቸው ግድግዳ ከጥፍር ይሳሳል።
እሱ የተቀደደ ለታ
ጉርብትናው አበቃ።»

ለማረጋገጥ ግን የአየር መሞከሪያ ያስፈልጋል፤
መሞከሪያው ደግሞ ከቆርቆሮው ማዶ፣ ላምበርት ዘንድ ነው።

ስለ ቆርቆሮው ልንገርህ።
አባታቸው ሲሞት ጋራዡን ለሁለት ከፈሉት፤
ኦትማር ሞተሩን ወሰደ፣ ላምበርት ቦዲና ቀለሙን፤
በመሃል ቆርቆሮ መቱ። ዘጠኝ ዓመት።
ነገር ካላቸው በእኔ ይላላካሉ።
አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው መዶሻውን ያቆማል፣
«ይማርህ» ግን አይልም።
ክረምት ሲገባ የላምበርት ምድጃ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤
ኦትማርም ወንበሩን እዚያው አስጠግቶ ምሳውን ይበላል።

ሄድኩ። «መሞከሪያውን» አልኩት።
አልሰጠኝም፤ ራሱ ይዞት መጣ።
እንደምን አመሸህ ያለ የለም።
ማቀዝቀዣውን ፈቱት፣ ሁለት ሰው ላንድ ብሎን፤
አፉን ወተፉ፣ ባልዲ ውስጥ ነከሩት፣ አየር ሞሉት።
ጠበቅን።
አንድ አረፋ።
ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሰንሰለት፣ እንደ ዓሣ ትንፋሽ።
ኤልከ ጎንበስ ብላ አየች። «ጥርስም እንዲሁ ነው፤
ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ ሲመላለስ ይሰነጠቃል።
ሰውየው የሚመጣው ሲያመው ነው፤
ስንጥቁ ግን ዓመት ሆኖታል።»
ኦትማር ቀና ብሎ ላምበርትን አየው።
ላምበርት ባልዲውን ያያል።

አዲሱ ዕቃ ሐሙስ ደረሰ።
መጠኑ ያው፣ ቅርጹ ያው፣ ቁጥሩም ያው ነበረ፤
መጨረሻ ያለው ፊደል ብቻ ሦስቴ ተቀየረ።
«ላልታመመ ነገር ማን ስም ይለውጣል?
አውቀውታል» አለ፣ «ያወቀ ዝም ይላል።»
የአምራቹ ደብዳቤ ግን አጭር ነው፦
መኪናዋ ተወዳድራለች፤ ዋስትና የለም፤ አዝነናል።
ትሩጥ ብለው ሠርተው፣ ሮጠች ብለው ከሰሷት፣
ፈረሱን ሸጠው ሲያበቁ፣ ግልቢያውን ነፈጓት።

ከዚያ ማጠብ መጣ። የማጠቡ ነገር!
አንዴ አጠብን፣ ቡናማ። ሁለቴ፣ ቡናማ።
አራተኛው ላይ ወተት የነካው ሻይ መሰለ።
በሰባተኛው፣ ጠራ ብለን እጃችንን ስንታጠብ፣
ሞተሩ ሞቀና ከአንዱ ቱቦ ጥግ
ቀጭን ቡናማ ክር ብቅ አለች።
የገባ ነገር በገባበት ፍጥነት አይወጣም።

ኤልከ ከፈለች፣ ሳትከራከር፤
ደብዳቤውን ግን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፣ እንደ ማስረጃ።
የመኪናዋ ድምፅ ከጥዱ ጫካ ወዲያ ቆይቶ ጠፋ።
አሮጌውን ማቀዝቀዣ ኦትማር በመጋዝ ለሁለት ከፈለው፤
መስኮቱ ላይ ነው፣ ለደንበኛ ማሳያ።
ስንጥቁን ብርሃን ላይ ይዤ ፈለግሁት፣ አጣሁት።

መሞከሪያውን ላምበርት አልወሰደውም፤
ኦትማርም አልመለሰም።
በዚህ በኩል፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ወንበሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ትናንት ኦትማር አስነጠሰ።
መዶሻው ቆመ።
እኔ ቁልፌን እንደያዝሁ ጠበቅሁ።