ሙሴ በደንገል ላይ

ሽምብጥ ካለው ጋራዥ፣ ከጎማ ክምር ዳር፣
ዘይት በጠጣ ቱታ ተቀምጦ ነበር።
ፓስፖርቱ ላይ ስሙ አርማን ቬርዶ ይላል፤
እኛ ግን ሙሴ አልነው፣ ላፍ እሱ ይቀልላል።
የውኃ ፓምፕ ሊተክል ለስድስት ወር መጥቶ፣
ድርጅቱ ሲነቀል ቀረ እሱ ተረስቶ።

የጋራ ቋንቋችን ሦስት ቃል ነው ያለው፤
ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ፍሬን። ከየት እንደመጡ እኛ አልጠየቅነው።
በሦስት ቃል ብቻ ሰባት ዓመት ሙሉ ሠራን፣ ተጣላን፣ ታረቅን፤
የቀረውን በጅ ነው፣ በመፍቻ ጫፍ አቧራ ላይ እየሳልን።

አንድ እሑድ፣ ሥራ የለም፣ ሳለልኝ ታሪኩን፣
ትልቅ ቀለበት አድርጎ መንገዱን።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ቀይ ሥር የጫነውን ያባቱን መኪና
(አይሱዙ እንበለው፤ ለዚያ ዓይነት አነዳድ ሌላ ስም የለና)
ጭቃ ላይ አስነሣው፣ አጥር ጥሶ ገባ፤
አባት በቀበቶ ጀርባውን ሞሸለቀው፤ ማታ ግን ለጎረቤት
"ልጄ ክንፍ አለው" ሲል ዓይኑ አቀረረ እንባ።

ከዚያ ወዲያ ዝና። በዝናብ ቀን በተለይ ማን ደርሶበት!
ሌላው ሲንሸራተት፣ ውኃ ለሱ ብቻ መንገድ ሲከፍትለት።
ሦስት ዋንጫ በላ። የጋዜጣ ቁራጭ ከቦርሳው አወጣ፤
ጥርሱ ሁሉ የራሱ፣ ከጎኑ ያለች ልጅ ጠርሙስ ስትከፍት አረፋው ሲወጣ።

ኋላ ያቺ ሌሊት፣
ሃያ አራት ሰዓት ያለ ዕረፍት የሚነዳባት።
ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣ እሱ ፊት እየመራ፣
ከመታጠፊያው ላይ የጓደኛው መኪና ተገልብጦ ሲያበራ።
"ሲያበራ" አለ በጁ። ሲነድ ማለቱ ነው።
ከዚያ ቀኝ እግሩን አንሥቶ ሲሚንቶውን መታው፦
ፍሬን።
ሌላ ቃል አልጨመረ። መዳፉን ዘረጋ፤
መዳፍ አንባቢ ቢያየው ምንም አያገኝም፣ ተልጦ የዳነ ሥጋ።
ጓደኛውስ? ብዬ ጠየቅሁት በዓይኔ፤
ወደ ጣና ዞረ። ጥፋቱ የኔ።

ቡድኑም በወሩ ደብዳቤ ላከለት፣ በሁለት መስመር፤
እኔ እንደገባኝ፦ "እግርህ ፍሬን ለመደ፤ ደህና ሁን" ነበር።

አሁን እሑድ እሑድ፣ ታንኳ ሠሪው እንድሪስ በሱ ልክ ባሰረው ደንገል
እምቦጩን ገፍቶ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ፣ ዳክዬ ሲቀድመው እንኳ ግድ ሳይል።
"ፍሬን?" አለው የመጀመሪያው ዕለት፣ ታንኳውን ዙሪያውን እያየ፤
እንድሪስ ሳቀበት፤ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመና ዝም ብሎ ቆየ።

የባጃጅ ልጆች ይጮኻሉ ከዳር፦ "ሙሴ! በስንት ነበር?"
ሦስት መቶ፣ ይላል በጣቱ፤ መቅዘፊያው ሳይቸኩል፣ ሳይናወጥ ባሕር።

መጽሐፉ እንደሚለው ሙሴ በደንገል ነው ከሞት የተረፈ፤
ያ ግን ሕፃን ነበር፤ የኛ ሙሴ ሽማግሌ ነው፣ ጥርሱ የረገፈ፤
ከዳር የምትጠብቀው የንጉሥ ልጅ የለችም፤ እኔ ነኝ፣ በባጃጅ፣
ሞተር አጥፍቼ፣ ሌሊት ተሰልፌ ያገኘሁትን እየቆጠብኩ ነዳጅ።

ጀምበር ስትጠልቅ አሳፍሬው፣ በዘንባባው ሥር ቀስ ብለን ስንሄድ፣
አህያ ሲያቋርጥ፣ ልጅ ኳስ ሲያባርር፣ ሲጎረብጥ መንገድ፣
በመስታወት አየዋለሁ። እኔ ሳልይዝ በፊት፣
ከኋላ ወንበር ላይ ቀኝ እግሩ ይጫናል፣
ፍሬን በሌለበት።