ምራቁን የዋጠ

ሰፈሩ በሙሉ «ምራቁን የዋጠ ሰው» ይለኝ ነበር፤
የዕድር ዳኛ፣ ጠብ አብራጅ፣ ሁንዴ ቧንቧው፣ ከፍራንኮ ሰፈር።
ያው ምራቄ ዛሬ ከበር ተመለሰ፤
ጣሳዬን ታቅፌ፣ ስተፋ አድሬበት፣ ትራሴ ራሰ።

ቆሎ ቀረ መጀመሪያ፤ ቀጥሎ ሥጋ፤ ቀጥሎ ቂጣ፤
ኋላ አጥሚት እንኳ በማንኪያ ሲመጣ
ደረቴ መሐል ደርሶ፣ መንገድ አጥቶ፣ ወጣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቧንቧ ከፍቼ፣
ከመታጠቢያ ሥር በሆዴ ተኝቼ፣
ዝገት ይሁን አሸዋ በድምፁ ለይቼ፣
የራሴን መዘጋት ዘግይቼ ሰማሁ፤
«ጨጓራ ነው» እያልኩ፣ ተልባ ስጠጣ ሁለት ክረምት ቆየሁ።

ዶክተር ሲፈን መጣች፤ ልጅ እግር፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያላያት።
ቃሉን አላሽሞነሞነችውም፤ «ካንሰር» አለች፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊት።
ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ ደግሞ
አንድ ባለ አራት ክንድ ማሽን፣ ከተኛ ሰው በላይ ቆሞ፦
ሐኪሙ ጥግ ላይ፣ ጫማውን አውልቆ፣ መነጽር ውስጥ አቀርቅሮ፣
ክንዱ ግን ማዶ ይሰፋል፣ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ፣ ተሽከርክሮ።
«አይደክምም፣ አይንቀጠቀጥም» አለች፤
«እኛ ጋ ግን የለም።» እዚህ ላይ ዓይኗን ሰበረች።

በመስኮቱ በኩል፣ ከአዳማ ኮረብታ፣
ባለ ሦስት ክንዶቹ የነፋስ ማማዎች ይዞራሉ በእርጋታ።
«ልጄ» አልኳት፣ «የኛ ከተማ
ክንድ መች አጣችና! ይኸው ይዞር የለም፣ ማማ በማማ።
ማሽኑ ቆንጆ መፍቻ ነው፤ አልዋሽም፣ ቀናሁ፤
እንዲህ ያለ ክንድ ቢኖረኝ ስንት የሰው ግድግዳ ሳልንድ በቀረሁ!
ግን ቁልፍ ሃያ ሁለት ከሣጥን ሲጠፋ
ሥራ አይፈታም፤ በሃያ አራት ነው፣ ሣንቲም ሸጉጦ፣ ደንበኛ እንዳይከፋ።
እስኪ እጅሽን ዘርጊ።»
ዘረጋችው። አልተንቀጠቀጠም።
ከጥፍሯ ሥር አዮዲን፤ ቀለበት የለውም።
«በይ ክፈቺ» አልኳት።

ከዚያ የማውቀው የለም። ሰባት ሰዓት ሙሉ
ቶሎሳ፣ ረዳቴ፣ የመፍቻ ሣጥኔን ታቅፎ ደጅ ተቀመጠ አሉ።
ጨጓራዬን ወደ ላይ ስባ ከተረፈው ጉሮሮ ጋር ሰፋችው፤
የተበላሸውን ቆርጦ ጤነኛውን መቀጠል፣ ያው የኛው ሙያ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ማንኪያ ውሃ።
ወረደ።
ሰማሁት፦ ከሁለት ሳምንት ድርቅ በኋላ ፈረቃ የደረሰው ሰፈር፣
ቧንቧው መጀመሪያ ሲስል፣ ሲያንኮራፋ፣ ከዚያ ጠብ ሲል የሚያሰማው ነገር።

«ምን ይሰማዎታል?» አለች፣ ጎንበስ ብላ ልጄ።
«ዝም በይ» አልኳት በእጄ።