ከመቼ ጀምሮ?

ነጭ ጋውን ገዛሁ ከተመራቂ ልጅ፣ በግማሽ ዋጋ ነው፤
እጅጌው ረዝሞ ሁለቴ አጥፌ ነው የምለብሰው።
ኪሱ ላይ በክር፣ በሰማያዊ ክር፣ ተጠልፏል አንድ ስም፣
«ሰይፉ እንድሪስ» ይላል፤ እኔ ግን ሰይፉ አይደለሁም።
ልተረትረው ብዬ ምላጭ ገዛሁና፣
ፈተና ደረሰ፣ ቀጥሎም ፈተና፣
እንደተሰፋ አለ፣ ስሙ እዚያው ቀረና።

ሁለት መቶ ስድስት አጥንት ሸምድጄ፣
መብራት በጠፋ ማታ ከዶርም ደረጃ በስልክ ብርሃን ወርጄ፣
የነርቭ መንገዱን፣ የደም ሥር ካርታውን ይዣለሁ በእጄ።
ከፒያሳ ወደ ጢጣ ታክሲ ውስጥ ታጭቄ፣
አጠገቤ ያሉ አንድ ሽማግሌን በክርኔ ነክቼ፣
የጎድን አጥንት ስቆጥር ተደብቄ፣
«ምን ነካህ አንተ ልጅ?» ብለውኝ ያውቃሉ፤
አሥራ ሁለት ናቸው፣ ሁሉም በቦታው አሉ።

ሲስተር ወርቂት «መርፌ ሳታነሡ ጥያቄ ይቅደም» ትላለች ስታስተምር፤
የት ነው የሚያምዎት? ከመቼ ጀምሮ? የሚያባብሰውስ? የሚያሽለውስ ነገር?
ከላይ ወደ ታች፣ አንድም ሳትዘሉ፣ በተርታ ጻፉ።
እኔም ቅጹን አመንኩ፤ የሰው ልጅ ሕመሞች ከቅጽ አይተርፉ።

ሰኞ ማለዳ ነው፤ ጉሙ ደሴን ውጦ መስኮት ላይ ተኝቷል፣
የተመላላሽ ወረፋ ከበሩ አልፎ ግቢው ድረስ ወጥቷል።
እማማ ዘሃራ፣ ከአምባሰል በኩል፣ ሌሊት ተነሥተው፣
ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ፣ ካርዳቸውን መሃረብ ጫፍ ቋጥረው።
«እንዴት አደሩ?» አልኩ።
«አልሐምዱሊላህ፤ አንተስ? እናት አባት ደህና? ከብቱስ? አዝመራው?» አሉኝ መልሰው፤
ታማሚዋ እሳቸው፣ ተጠያቂው እኔ፣ ቅጹም ባዶ ነው።

«ምንዎን ነው ያመመዎት?»
«ሆዴ ይቃጠላል።»
ደስ አለኝ። ይሄንን አውቀዋለሁ፤ ገጹም ፊቴ ይመጣል፤
እስክሪብቶዬ ቀድሞኝ «ጨጓራ» ጽፏል።

«ሳይበሉ ነው፣ በልተው?»
«ስሰፍር ነው ልጄ። ያንዱ ድርሻ ሲተርፍ፣ ሰሃን ስቆጥር ነው።»
«የሚያባብሰውስ? በርበሬ? ቡና? ጎምዛዛ?»
«ስልክ ሲጠራ ነው፤ ደግሞ ሳይጠራ ቀርቶ ዝምታው ሲበዛ።»
«ወዴት ይዛመታል?»
ጣታቸው ተነሣ ከእምብርት፣ መስኮቱን አለፈ፣ ጉሙን፣
የባቲን ቁልቁለት፣ የአፋርን አሸዋ፣ ጅቡቲን፣ ባሕሩን።
«ከመቼ ጀምሮ?»
አያትየው ዝም አሉ። ልጅቷ ናት የመለሰች፤
«አባዬ የሄደ ለት» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ የጫማዋን ማሰሪያ እያየች።

አንጀት ስድስት ሜትር፣ ቢበዛ ሰባት ነው፣ ይላል የኔ ደብተር፤
ይሄ ባሕር ተሻግሮ ሪያድ ገብቶ ያድራል፤ በምን ልለካው፣ በየትኛው ሜትር?

ሆዳቸውን ዳሰስኩ፤ ልስልስ ነው፤ ጉበቱም ከቦታው፤ እብጠት አላገኘሁ፤
እጄ ቀዝቅዞባቸው «ቢስሚላህ» ሲሉ፣ ይቅርታ ጠይቄ መዳፌን አሻሸሁ።

ሲስተር ወርቂት መጣች፤ ቅጹን አገላብጣ፣ ቆይታ፣ እኔን አየች፤
«ጨጓራ ነው?»
«አዎ። አይ... ልጃቸው ነው መሰል።»
«ሰሞኑን ምሳ በልተው ያውቃሉ?» ብላ እሳቸውን ጠየቀች።
ራሳቸውን ነቀነቁ።
«ሁለቱም ያቃጥላል» አለችኝ፣ «ሁለቱንም ጻፍ።»
ቅጹ ስለሞላ በጀርባው ጻፍኩት፣ በአማርኛ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

እንክብል ታዘዘ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በፊት።
«ሰሃን ከመቁጠሬ በፊት ማለትህ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ በፍጥነት።

ሊወጡ ሲሉ ልጅቷ ኪሴን አነበበች፣ ፊደል በፊደል፣ «ሰ...ይ...ፉ»፤
«አብሽር ሰይፉዬ» አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ በሩን ሳያልፉ፤
«እጅህ መድኃኒት ይሁን፤ እናትህ ሰሃን አትቁጠር።»
ስሜን ላርም አሰብኩ፤ ግን ምርቃት ሲወርድ ማን ደፍሮ ይናገር።

ሰይፉ እንድሪስ ሆይ፤ ወረኢሉ ይሁን፣ መርሳ፣ ወይ ሰቆጣ፣ የት እንደተመደብክ አልሰማሁም፤
ሰኞ ለት ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ምርቃት መጥቶልሃል።
ኪሱ ላይ አለልህ፤ እኔ አልነካሁትም።